የውስጥ ደዌ ጥናቶችን አሳጥሮ የሚልከው አፕ፣ ከ6 ወር በኋላ
የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ በየሳምንቱ የሚወጣውን ጥናት ሁሉ አንብቤ ልጨርስ ብል አልችልም፣ ስለዚህ ይሄ አፕ በጣም ነው የጠቀመኝ። የወደድኩት ቁጥሩን ቁልጭ አድርጎ ማስቀመጡን ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ የወጣውን ሴሌክት የሚባለውን ጥናት እዩት፣ 17,604 የልብና የደም ስር በሽታ ያለባቸው፣ ክብደታቸው ከፍ ያለ ግን ስኳር የሌለባቸው ሰዎች ላይ ሴማግሉታይድ የሚባለው የስኳርና የክብደት መቀነሻ መድሃኒት ተሞክሮ ሃርት አታክ፣ ስትሮክና በልብ ምክንያት መሞት በ20% ቀነሰ ብሎ ብቻ አያልፍም፣ ከ8% ወደ 6.5% ወረደ ይልሃል፣ ለታካሚ ስታስረዳ የሚያስፈልግህ እኮ ይሄኛው ነው።

ቅር ያለኝ ጉዳቱን በአንድ መስመር ማለፉ ነው። እዛው ጥናት ላይ በጎንዮሽ ጉዳት መድሃኒቱን ያቋረጡት 16.6% ናቸው፣ ፕላሴቦ (መድሃኒት የሌለበት ማስመሰያ) የወሰዱት ግን 8.2%፣ ይሄ እንዴት ይዘለላል? ዋናውን ፔፐር ስከፍት ነው ያየሁት። ሰርቹም ትንሽ ቀርፋፋ ነው። ቢሆንም ሰብስክሪፕሽኑን አድሻለሁ።