የኪስ ሽጉጥና ጥይቱ፦ አምስት ሞዴሎች በንጽጽር

ኪስ ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ ለመያዝ ቀላል፣ ለመተኮስ ከባድ ነው። ገዢው ሱቅ ውስጥ የሚመዝነው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። መዳፉ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ቅለቱ ደስ ይለዋል፣ ከፍሎ ይወጣል። ዒላማ ሜዳ ሲደርስ ያ 300 ግራም የሚመዝን ብረትና ፕላስቲክ በተኮሰ ቁጥር መዳፉን ይነርተዋል። እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው አጥታ አየር ላይ ትንጠለጠላለች። ከሁለት ካዝና በኋላ ሰውየው ምላጩን ገና ሳይስብ ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል። ስለዚህ እዚህ ያሉት አምስት ሽጉጦች የተመዘኑት ኪስ በመግባታቸው ብቻ አይደለም፤ በአንድ ቀን 50 ጥይት ሳያስመርሩ ያስተኩሳሉ ወይ የሚለውም ተጠይቋል። ሽጉጡን ዛሬ፣ ጥይቱን ደግሞ ሌላ ቀን እንደነገሩ መግዛትም ስህተት ነው። ሁለቱ አብረው ተፈትነው አብረው ይመረጣሉ።

መጀመሪያ መጠኑ ይለይ። .25 ኤሲፒ (6.35 ሚሊ ሜትር) ከ1905 ጀምሮ ያለ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ 3.2 ግራም የሚመዝን አረሩ ከአጭር አፈሙዝ ሲወጣ ጉልበቱ 85 ጁል አካባቢ ነው። .32 ኤሲፒ (7.65 ሚሊ ሜትር) የዚያን እጥፍ ገደማ ይሰጣል። .380 ኤሲፒ ከ7 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ 200 ጁል አካባቢ፣ 9×19 (የአረሩ ውፍረትና የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር) ደግሞ ከ8 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ 400 ጁልና ከዚያ ትንሽ በላይ ያወጣል። .22 ርካሽና ለስላሳ ስለሆነ ለልምምድ የሚተካከለው የለም። ነገር ግን እሳት የሚያስነሳው ቅመም በቀለሁ ቂጥ፣ በከንፈሩ ዙሪያ ስለሚቀባ አንዳንዱ ቦታ ሳይደርሰው ይቀራል፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ይከሽፋል። ለመከላከያ የሚያዝ ሽጉጥ ላይ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ስሞቹ ብዙ ሰው ያሳስታሉ። "9 ኩርዝ"፣ "9 ኮርቶ"፣ "9×17" እና ".380 ኤሲፒ" የአንድ ጥይት ስሞች ናቸው። 9×18 የሩሲያው ማካሮቭ ሽጉጥ ጥይት ሲሆን አረሩ 9.27 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር ከሌሎቹ ጋር አይቀያየርም። 9×19 ደግሞ ረጅሙና ብርቱው ነው። ሻጭ "ዘጠኝ ሚሊ ነው" ካላችሁ አትርኩ፤ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውንና ቀለሁ ቂጥ ላይ የተጻፈውን አስተያዩ።

ሩገር ኤልሲፒ ማክስ በ2021 የወጣ ባለ .380 ነው። 300 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል። በ2008 የወጣው የመጀመሪያው ኤልሲፒ ስድስት ብቻ ይይዝ ነበር፤ ማነጣጠሪያውም እንደ ብጉር የምታህል እብጠት ነበረች። ማክሱ በጨለማ የምታበራ የፊት ማነጣጠሪያ አለው፣ ምላጩም ይቀላል። ለሱሪ የፊት ኪስ ከአምስቱ የሚስማማው ይኸው ነው። ችግሩ ቅለቱ ራሱ ነው፤ ብርቱ ጥይት ሲጎርስ በጣም ይራገጣል፣ አያያዙ ያልጠና ሰው እጅ ላይም ይነክሳል፤ ማለትም ጥይቱ ወይም ቀለሁ ተቀርቅሮ ሽጉጡ ይቆማል።

ግሎክ 42 ያንኑ .380 ይጎርሳል፣ የሚይዘው ግን ስድስት ነው፣ ክብደቱም 390 ግራም አካባቢ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ተበላጭ ይመስላል። እጅ ላይ ሲታይ ግን የተጨመረው 90 ግራምና 82 ሚሊ ሜትር የሆነው አፈሙዝ ርግጫውን አለዝበውታል፤ 50 ጥይት ቀርቶ 100ም ሳያሰለች ያስተኩሳል። ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ስቦ ማቀባበልም አቅም አይጠይቅም። ጣቱ ደካማ ለሆነ ወይም ለጀማሪ የምንመርጠው እሱን ነው፣ ኪሱ ሰፊ ከሆነ።

ሲግ ሳወር ፒ365 በ2018 ሲወጣ 10 ጥይት የሚይዝ 9×19 በዚህ መጠን አልተለመደም ነበር። ጥይቱ ከ.380 በግልጽ ይበልጣል። ክብደቱ ባዶውን 500 ግራም ያልፋል፤ ቀጭን ሱሪ ውስጥ ኪሱን ወደ ታች ይጎትታል፣ ቅርጹም ይታያል። ጃኬት ለሚለብስ ወይም ወገቡ ላይ ለሚይዝ ጥሩ ምርጫ ነው። የኪስ ሽጉጥ ብሎ መጥራት ግን ትንሽ ማጋነን ይሆናል።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ሪቮልቨር ነው፤ .38 ስፔሻል፣ አምስት ጥይት፣ 415 ግራም አካባቢ። መዶሻው ከውስጥ ስለተሸፈነ ሲወጣ ጨርቅ አይዘውም። ጥይት ቢከሽፍበት ምላጩን ደግሞ መሳብ ነው፣ ከበሮው ቀጣዩን ያመጣል። ምላጩ ወደ 5 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጉልበት ይፈልጋል፤ አፈሙዙም 5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ ብዙ ልምምድ ካልታከለበት ከ5 ሜትር በላይ አረሮቹ ዒላማው ላይ ይበታተናሉ። ቀላል ነው ተብሎ ለጀማሪ ሲሸጥ ይታያል። ለአሠራር ቀላል ነው፣ አነጣጥሮ ለመምታት ግን ከአምስቱ እጅግ አስቸጋሪው ነው።

ቤሬታ ቶምካት፣ ባለ .32፣ አንድ ልዩ ጥቅም አለው። ጎኑ ላይ ያለችው መክፈቻ ስትነካ አፈሙዙ ከኋላው ብድግ ይላል፤ ጥይቱ በእጅ ይጎርስና ይዘጋል። ተንሸራታች መሳብ ለማይችል ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ቀለህ ጎትቶ የሚያወጣ ጥርስ ግን የለውም፤ የተተኮሰው ቀለህ የሚወጣው በራሱ የጋዝ ግፊት ነው። ጥይት ከከሸፈ ተንሸራታቹን ደጋግሞ ቢስቡት አይወጣም፣ አፈሙዙን ከፍቶ ማውጣት ያስፈልጋል። ብርቱ ጥይትም አካሉን ሊሰነጥቀው ስለሚችል በመመሪያው ከተጻፈው ልክ ማለፍ የለበትም። አውሮፓ ሠራሽ የሆነው .32 ብዙውን ጊዜ ከአሜሪካኑ ጠንከር ስለሚል እሽጉን ማንበብ ግድ ነው።

አሁን ወደ ጥይቱ ምርጫ፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። በ1986 ማያሚ ላይ ከደረሰው የተኩስ ልውውጥ በኋላ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ጥይት የሚመዘንበትን መንገድ ቀየረ። ዛሬ ብዙ አምራች የሚከተለው መለኪያ በሥጋ ምትክ የሚተኮስበት 10 በመቶ ጀላቲን ሲሆን፣ አረሩ ከ30 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ዘልቆ እንዲቆም ይጠበቃል። አናቱ የተቦረቦረ ጥይት ሲመታ እንደ አበባ ተከፍቶ ይሰፋል፤ ከሰፋ ቶሎ ይቆማል። 9×19 ላይ ፍጥነቱ በቂ ስለሆነ ሁለቱም ይገኛል፤ 124 ወይም 147 ግሬን (8 ወይም 9.5 ግራም) የሆነ የታወቀ አምራች ጥይት ብዙ ሳያስቡ ይገዛል። .380 ላይ ግን ጉልበቱ ለሁለቱም አይበቃም። ወይ አናቱ ቶሎ ተከፍቶ 20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቆማል፣ ወይ ወፍራም ልብስ ሲያልፍ ቀዳዳው በጨርቅ ይደፈንና ሳይከፈት ይቀራል።

ስለዚህ በ.380 ስፋትን ከማሳደድ ጥልቀትን ማስቀደም ይሻላል። ሆርናዲ ኤክስቲፒ 90 ግሬን (5.8 ግራም) ቆጠብ ብሎ ስለሚከፈት ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ጥልቀት ላይ ይደርሳል፤ ከ7 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ የምንመርጠው እሱን ነው። የዚያው አምራች ክሪቲካል ዲፌንስ ቀዳዳውን በቀይ ላስቲክ መሰል ነገር ስለሚሞላ ጨርቅ አይደፍነውም። ቦርቧራው ሽጉጡ ውስጥ አልጎርስ ካለ፣ ወይም ሕጉ ካልፈቀደው (ለሲቪል የማይፈቅዱ አገሮች አሉ)፣ 95 ግሬን የሆነው ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተለበጠው፣ በተለይ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነው፣ ያገለግላል። ይህኛው ዒላማውን አልፎ ሊወጣ ስለሚችል ከዒላማው ኋላ ማን እንዳለ ማየት የተኳሹ ኃላፊነት ነው። ለ.32 እና ለ.25 ቦርቧራ ጥይት መግዛት ብር መጣል ነው፤ ሙሉ ልባጥ ይበቃቸዋል።

.32 ላይ ቦርቧራውን የምንቃወምበት ሌላም ምክንያት አለ። የዚህ ቀለህ የቂጡ ከንፈር ከአካሉ ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ካዝና ሲሞላ የላይኛው ጥይት ከንፈር ከታችኛው ፊት መቀመጥ አለበት። ቦርቧራ ጥይት አጠር ስለሚል ካዝናው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ በርግጫው ሲናጥ የላይኛው ከንፈር ከታችኛው ኋላ ይወድቅና ሁለቱ ይቆላለፋሉ። ያኔ መታ አድርጎ ማቀባበል አይፈታውም። ካዝናው ወጥቶ ጥይቶቹ በቀጭን ነገር ካልተላቀቁ ሽጉጡ ብረት ብቻ ነው።

ለ642 ስፒር ጎልድ ዶት 135 ግሬን ፕላስ ፒ (ግፊቱ ከተለመደው ከፍ ያለ) ለአጭር አፈሙዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ርግጫው የሚያስመርረው ሰው 148 ግሬን ዋድከተር ይያዝ፤ አናቱ ድፍን ጠፍጣፋ እርሳስ ሆኖ ርግጫው ለስላሳ፣ ጥልቀቱ ግን በቂ ነው። ቀላል ሪቮልቨር ላይ ብርቱ ጥይት አንድ የተደበቀ ችግር አለው፦ ርግጫው ያልተተኮሱትን አረሮች ከቀለሃቸው ወደ ፊት ይስባቸዋል። አረሩ ከከበሮው ፊት ብቅ ካለ ከበሮው መዞር ያቆማል። መፈተኛው ቀላል ነው። አምስት አጉርሶ አራቱን መተኮስ፣ አምስተኛውን አውጥቶ ካልተተኮሰ ጥይት ጎን አቁሞ ማየት። ከረዘመ ያ ጥይት ለዚያ ሽጉጥ አይሆንም።

ባለ ተንሸራታቾቹ፣ ማለትም ከ642 በቀር ያሉት አራቱ፣ ፈተናቸው 200 የልምምድ ጥይትና 50 የሚያዘው ጥይት ነው፤ በ50ዎቹ አንድም መንከስ መኖር የለበትም። ካዝናዎቹ ላይ በቀለም 1፣ 2 ብሎ መጻፍ ይጠቅማል፤ ንክሻው አንዱ ካዝና ላይ ብቻ ከተደጋገመ ጥፋቱ የሽጉጡ ሳይሆን የዚያ ካዝና ከንፈር ወይም ሞላ ነው። ቀለሁ መውጫው ላይ ቆሞ ከተቀረቀረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የእጅ አንጓ ነው፤ አንጓው ሲላላ ሽጉጡ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ይሄድና ተንሸራታቹ መንገዱን አይጨርስም። አንጓው ጠንክሮም ካልተስተካከለ የመመለሻው ሞላ ይታይ። የትንንሽ ሽጉጥ ሞላ ከትልቁ ቀድሞ ስለሚደክም በመመሪያው በተጻፈው የጥይት ብዛት መቀየር አለበት። ያገለገለ ሲገዛም ተራ ቁጥሩን ከአምራቹ ጋር ማመሳከር አይዘንጋ፤ ለጥገና የተጠራ ሊሆን ይችላል።

ሽጉጥን ያለ አፎት ኪስ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም፣ ምንም ሰበብ የለውም። አፎቱ ምላጩን ሙሉ በሙሉ መሸፈንና ሽጉጡ ሲወጣ ኪስ ውስጥ መቅረት አለበት። በዚያ ኪስ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ እስክሪብቶ አይገባም፤ ምላጭ የሚስበው ብዙ ጊዜ ያልታሰበ ነገር ነው። የኪስ ብናኝ በሁለት ሳምንት ውስጥ አፈሙዙ ጫፍና ማነጣጠሪያው ሥር ይከማቻል። ጥይቱ ወጥቶ፣ የጥይቱ መቀመጫ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ተረጋግጦ፣ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይጠረግ፤ ዘይት አንድ ጠብታ ብቻ፣ ብዙ ዘይት ብናኝ ይሰበስባል። ቤት ሲገባ ቦታው የሚቆለፍ ሣጥን ነው፤ ትንሽ ሽጉጥ የልጅ መጫወቻ ይመስላልና።

የመጨረሻው ነገር ያቺ በየቀኑ ወጥታ የምትገባ የላይኛዋ ጥይት ናት። ተንሸራታቹ በዘጋ ቁጥር አፍንጫዋ መንገዱን ይመታል፣ አረሩም በጥቂቱ ወደ ቀለሁ ይሰምጣል። በቀለሁ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ሲጠብ የባሩዱ ግፊት ይጨምራል፣ በትንሽ ሽጉጥ ላይ ደግሞ አደገኛ ነው። ከእሽጉ አዲስ ጥይት አውጥታችሁ ሁለቱን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁሟቸው። የጥፍር ጫፍ ውፍረት ያህል ልዩነት ካያችሁ አጭሯን ለዩዋት፣ አትተኩሷት። ልዩነት ባይታይም ያቺው ጥይት ደጋግማ አትጉረስ፤ ተራዋን ከሌሎቹ ጋር ቀያይሩ፣ የሚያዘውንም ጥይት በዓመት አንዴ ዒላማ ላይ ተኩሳችሁ በአዲስ ተኩ።