8 ወር ከሌዘር ትዊዘር ጋር (ሙቀቱን ስረግመው ከርሜ)

ይሄን የኦፕቲካል ትዊዘር (በሌዘር ብርሃን ጥቃቅን ነገር የሚይዝ መሣሪያ) ኪት ከገዛሁት 8 ወር ሆነኝ። ሁለት ሌዘር አለው፣ አንዱ 1064 ናኖሜትር በዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ፣ ሌላው 532 አረንጓዴው፣ ከዛ 100 ጊዜ የሚያጎላ በዘይት የሚሠራ ሌንስ፣ ካሜራ ምናምን። የመጀመሪያዋን የ2 ማይክሮሜትር ፖሊስታይሪን (ፕላስቲክ) ኳስ የያዝኩ ቀን ብቻዬን ጮህኩ አልዋሽም። ስላይዱን ስገፋው ጎረቤቶቿ ሁሉ ይሄዳሉ እሷ ንቅንቅ የለም፣ የያዛት ብርሃን ብቻ! ፊዚሲስቱ አርተር አሽኪን እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳየው፣ በ2018 ደግሞ በ96 ዓመቱ ኖቤል ያገኘበት ነገር እኮ ነው ጠረጴዛዬ ላይ ያለው።

ማዞሩ ላይ ግን አበድኩ። ብርሃኑን ሰርኩላር ፖላራይዝድ (የሞገዱ አቅጣጫ እየዞረ እንዲሄድ) ካደረግከው ቅንጣቷ ትሽከረከራለች ሲባል ሰምቼ ሁለት ሳምንት ያቺኑ ፕላስቲክ ኳስ ይዤ ብጠብቅ ወይ ፍንክች፣ ዌቭ ፕሌቱ (ፖላራይዜሽኑን የሚቀይረው ዕቃ) ተበላሽቶ መጣ ብዬ ለሻጩ ልጽፍለት ሁላ ነበር። ለካ ጥፋቱ የኔ ነው። ኳሷ የብርሃኑን ፖላራይዜሽን ስለማትቀይረው የምትሽከረከርበት ምክንያት የላትም። ቫተራይት (የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል ነው) ስጨምርበት ወዲያው መዞር ጀመረ።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ጠላቴ ነበር። ኃይል ስጨምር ጥብቅ አድርጎ የሚይዝልኝ መስሎኝ አንዴ ወርቅ የነካካው ስላይድ ላይ አረንጓዴውን ለቀቅኩት፣ ወርቁ ብርሃኑን ውጦ ስለሚሞቅ አረፋ ተነሳና ሳምፕሉን በሙሉ በታተነው። በኋላ ነው የገባኝ፣ ስስ ወርቅ የተቀባ ስላይድ ላይ ሲታክ የሚባለውን የሳሙና ዘመድ ጠብ አድርጌ አረንጓዴውን ከ1 ሚሊዋት በታች ሳወርደው ኳሶቹ ራሳቸው ወደ ሞቀው ቦታ እየመጡ ይያዛሉ። ኢንፍራሬዱ ለዚሁ ሥራ በአስር የሚቆጠር ሚሊዋት ይፈልጋል! ግማሽ ፊቷ ወርቅ የሆነች ኳስ ደግሞ አንድ ጎኗ ብቻ ስለሚሞቅ ራሷን እየገፋች ትዞራለች፣ ፖላራይዜሽን ምናምን ሳትነካካ።

ግን ሲታኩ ህዋስ ይገድላል፣ ጨው ያለበት ውሃ ላይም ነገርየው ይደክማል፣ ስለዚህ ባክቴሪያ ወይ እርሾ መያዝ ለምትፈልጉ ኢንፍራሬዱን ነው የምላችሁ። እሱም ቢሆን ከበራ በኋላ ግማሽ ሰዓት ካልጠበቅኩት ትራፑ (ኳሷን የሚይዘው የብርሃን ወጥመድ) ይንሸራተትብኛል፣ ይሄ እስካሁን ያልተፈታልኝ ነገር ነው። ሌላው የሚያናድደኝ ማኑዋሉ ስለ መከላከያ መነፅር ሁለት መስመር ብቻ መጻፉ፣ የማይታይ ሌዘር እኮ ነው፣ ዓይንህ አያርገበግብለትም። ከኪቱ ጋር የመጣው መነፅር ለአረንጓዴው ብቻ ስለሆነ የ1064ቱን ለብቻ ገዛሁ።