ሶሎዬ እንዲሰማ ላደረጉልኝ ጋሼ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። የጊታር ፔዳሌ (በእግር እየረገጡ የጊታርን ድምፅ የሚቀይሩበት ሳጥን) በእርግጥ መዳኑን ልይ ብዬ ቆየሁ። በልምምድ ሞከርኩት፣ መድረክ ላይም ሞከርኩት። አሁን አምኛለሁ፣ ስለዚህ ዝም ማለት አልችልም።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። እኔም የምጠራቸው "ጋሼ" እያልኩ ስለሆነ እዚህም በዚያው እቀጥላለሁ። ሥራቸው የጊታር ፔዳልና የአምፕሊፋየር (አምፕ) ጥገና ነው። ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር የምትኖሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ብታውቁ ደስ ይለኛል።

ችግሬ ምን መሰላችሁ? በባንዳችን ሊድ ጊታር የምጫወተው እኔ ነኝ። ሪትም ስመታ ሁሉም ይሰማል። ሶሎ ስገባ ግን እጠፋለሁ። ከታች ባሱ ይውጠኛል፣ ከላይ የድራሙ ሲምባል ይሸፍነኛል። የአምፑን ቮልዩም ከፍ ሳደርገው ደግሞ ሪትሙም አብሮ ይጮሃል፣ ዘፋኛችን ዞር ብላ ታየኛለች። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስጫወተው የሚያምረው ሶሎ ከባንዱ ጋር ሲሆን ማንም የማይሰማው መሆኑ በጣም ያሳዝነኝ ነበር።

"ቡስተር ያስፈልግሃል" ተባልኩ፤ ሲረግጡት የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላ ፔዳል ማለት ነው። ያገለገለ አገኘሁ፤ በእጅ የተሠራ፣ ስም ያልተጻፈበት፣ አንድ ማዞሪያና አንድ መርገጫ ብቻ ያለው አናሎግ (ድምፁን ወደ ቁጥር ሳይቀይር የሚሠራ) ፔዳል። ስረግጠው ሁም የሚል ድምፅ ይለቃል። ማዞሪያውን ስነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ሶሎዬም ጎልቶ በመሰማት ፋንታ ጭራሽ ታፈነ። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍቱ "ይሄ አይረባም፣ ጣለውና ዲጂታል ግዛ" አሉኝ።

ለጋሼ ስደውል ስለ ፔዳሉ ልነግራቸው ጀመርኩ። አቋረጡኝና "ጊታርህስ?" አሉኝ። "ፔዳል ብቻውን ድምፅ የለውም። ጊታርህን ይዘህ ና። የምትጫወትበትን ኬብልና አዳፕተርም አምጣ። ሌላ ፔዳል ካለህ እሱንም።" ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ባለሙያ አልነበረም።

ስደርስ "በል ሶሎህን ተጫወት" አሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ቡስተሩን አጥፍተው አስደገሙኝ። ከዚያ ኦቨርድራይቩን፣ ማለትም ድምፁን የሚያሻክረውን ሌላኛውን ፔዳሌን፣ አጥፍተው፣ ቡስተሩን ብቻ አብርተው አስጫወቱኝ። ቀጥሎ አዳፕተሩን ነቅለው 9 ቮልት ባትሪ አስገቡ። ሁም የሚለው ድምፅ ወዲያው ጠፋ። "አየህ፣ አንዱ ችግርህ ከፔዳሉ ውጭ ነው" አሉኝ። አዳፕተሩ ኤሌክትሪኩን በደንብ የማያጠራ ርካሽ ነገር ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ምንም ከመክፈታችሁ በፊት በባትሪ ሞክሩት። በባትሪ ከጠፋ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው። ካልጠፋ ደግሞ ከጊታሩ ወይም ከኬብሉ ሊሆን ይችላል፤ ቡስተር የሚደርሰውን ሁሉ ነው የሚያጎላው፣ ጥሩውንም መጥፎውንም።

ግማሽ ሰዓት ያህል መበየጃቸውን እንኳ አልነኩም። ከዚያ አራቱን ብሎኖች ፈትተው ውስጡን አሳዩኝ። ሲግናሉን የሚያጎላ አንድ ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተሮች፣ ድምፁን አሳልፈው ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ የሚያግዱ ሁለት ካፓሲተሮች። በቃ፣ ይኸው ነው።

"ይህቺን ታህል?" አልኳቸው።

ያኔ ታሪኩን ነገሩኝ። ኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ የሚባለውን የፔዳል አምራች እ.ኤ.አ. በ1968 የመሠረተው ማይክ ማቲውስ፣ ቦብ ማየር የሚባል መሐንዲስ የጊታርን ድምፅ ሳያዛባ የሚያስረዝም መሣሪያ እንዲሠራለት ይጠይቀዋል። ማየር የሙከራ ሥራውን ሲያሳየው ከፊቱ አንዲት ትንሽ ሳጥን ተሰክታ ነበር። ይቺ ምንድን ናት ቢለው፣ ከጊታሩ የሚመጣው ሲግናል ደካማ ስለሆነ ለማጎልበት ያህል በአንድ ትራንዚስተር የሠራት ነገር ናት። ማቲውስ ዋናውን መሣሪያ ትቶ ትንሿን ሳጥን ወሰደ። ኤልፒቢ-1 የምትባለው ቡስተር እንዲህ ተወለደች። የእኔም ፔዳል በዚያው መንገድ የተሠራ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ያቺን "አይረባም" የተባለች ቆርቆሮ በሌላ ዓይን ነው ያየኋት።

የሚንኮሻኮሸው ማዞሪያ ራሱ አልተበላሸም ነበር። መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር አርጅቶ ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ ያሾልካል። ያ ኤሌክትሪክ ማዞሪያው ላይ ሲያርፍ፣ ባዞሩት ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሌላ ሰው ቢሆን ማዞሪያውን ቀይሮ ይሸኘኝ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ያው ይመለስ ነበር። ጋሼ በመለኪያቸው ቮልቴጁን ሲያዩ ጊዜ ካፓሲተሯን ቀየሯት፣ ማዞሪያውን ግን ተዉት። መግቢያው ጃክ ላይም በደንብ ያልቀለጠ ብየዳ አገኙና እንደገና በየዱት። ጥገናው ይኸው ብቻ ነው።

እኔ ግን የማመሰግናቸው ከዚህ በኋላ ስላደረጉት ነው። ፔዳሉ ድኗል፣ ሒሳቤን ከፍዬ መሄድ እችል ነበር። እሳቸው ግን "ሶሎህ አሁንም አይሰማም፣ ተቀመጥ" አሉኝ።

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን አስቀየሩኝ። እኔ ቡስተሩን ከኦቨርድራይቩ በፊት ነበር የምሰካው። ኦቨርድራይቩ ቀድሞውኑ ሞልቷል። በሞላ ብርጭቆ ላይ ውሃ ብትጨምር ይፈሳል እንጂ ብርጭቆው አያድግም። ስለዚህ ቡስተሩን በረገጥኩ ቁጥር ድምፁ ይበልጥ ይሻክራል፣ ይበልጥ ይጨመቃል፣ ከፍ ግን አይልም። አሁን ከኦቨርድራይቩ በኋላ ሰኩት። አምፔ ገና ስላልሞላና ቦታ ስለነበረው ድምፁ በእርግጥ ከፍ አለ። ልዩነቱን በጆሮዬ ስሰማው ፀጉሬ ቆመ።

ይህ ማለት ግን ከፊት መሰካት ስህተት ነው ማለት አይደለም። የሚፈለገው ሌላ ነገር ሲሆን ትክክለኛው ቦታ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የተሠራውን ዳላስ ሬንጅማስተር የሚባለውን ትሬብል ቡስተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላ ቡስተር) ጊታሪስቶቹ ቶኒ አዮሚና ሮሪ ጋላገር የተጠቀሙበት እንዲሁ ነው። አምፑን ከፍተው፣ ቡስተሩን ከፊቱ አድርገው፣ አምፑ ራሱ ሞልቶ እንዲሻክር ይገፉት ነበር። የኩዊን ባንዱ ጊታሪስት ብራያን ሜይም ከቮክስ ኤሲ-30 አምፖቹ ጋር ትሬብል ቡስተር የሚጠቀመው በዚሁ መንገድ ነው። እኔም አሁን ረጅም የሚዘምር ኖታ ስፈልግ ከፊት እሰካዋለሁ። ለመሰማት ስፈልግ ደግሞ ከኋላ።

ሁለተኛው ነገር መጠኑ ነው። እኔ ማዞሪያውን እስከ ጫፍ ነበር የምወስደው። "ስንት ዴሲቤል ነው የምትጨምረው?" ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ዴሲቤል ድምፁ ምን ያህል እንደጎላ የሚለካበት ነው። 6 ዴሲቤል ማለት ቮልቴጁ በእጥፍ ማደጉ ነው። 20 ዴሲቤል 10 እጥፍ ነው። ለሶሎ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል እንደሚበቃ ነገሩኝ። ማዞሪያውን አንድ ሩብ ያህል ብቻ ከፍተው በነጭ ቀለም ምልክት አደረጉልኝ። ምልክቱ አሁንም አለ።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ድምፄን የቀየረው እሱ ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር በተለመደው ቅኝት 82 ኸርዝ (በሰከንድ 82 ንዝረት) ላይ ነው። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነው። ማለትም የጊታሬ የታችኛው ድምፅ በሙሉ የባሳችን ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። ሁሉንም እኩል ካጎላሁት ከባሱ ጋር እጋፋለሁ፣ በዚያ ግፊያ ደግሞ ሁሌም የሚያሸንፈው ባሱ ነው። ሶሎ የሚሰማው በመሐለኛው ድምፅ ነው። ሰው ሲናገር ጆሯችን የሚይዘውም እዚያው አካባቢ ያለውን ነው።

ይህን የሚወስነው መግቢያው ላይ ያለችው ካፓሲተር ናት። ትንሽ ከሆነች ወፍራሙን ድምፅ ታስቀረዋለች፣ ቀጭኑን ታሳልፋለች። ሬንጅማስተር ላይ ያለችው 5 ናኖፋራድ (የካፓሲተር መጠን መለኪያ) ብቻ ናት፤ ትሬብል ቡስተር ያሰኘችውም እሷ ናት። የእኔ ፔዳል ላይ የነበረችው 100 ናኖፋራድ ስለሆነች ባሱን ሁሉ ታሳልፋለች። ጋሼ ሦስት ቦታ ያላት ትንሽ መምረጫ ገጠሙልኝ። አንዱ ቦታ የድሮው 100 ነው። አንዱ 4.7 ነው፣ ጥርት ያለና ስለታም። የመሐሉ 22 ነው። የመሐሉን ሲያደርጉት ከ200 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለው ለቀቅ አለ፣ መሐለኛው ወደ ፊት መጣ። ብቻዬን ስሰማው ትንሽ ሳሳ ያለ መሰለኝና ቅር አለኝ። ፊቴን አይተው "ቤትህ ሆነህ አትፍረድ፣ ከባንድህ ጋር ሆነህ ስማው" አሉኝ።

በሚቀጥለው ልምምድ የመጀመሪያውን ሶሎ እንደጨረስኩ ድራመራችን ዱላውን አስቀምጦ "ምን አደረግክ?" አለኝ። የአምፔን ቮልዩም አልነካሁም ነበር።

ሌላም ያስተማሩኝ ነገር አለ። ቡስተሩ በርቶ ሳለ የጊታሩን ቮልዩም ወደ 6 ወይም 7 ዝቅ ማድረግ። ድምፁ ይጠራል፣ ግን አይሞትም። ወደ 10 ስመልሰው ይቆጣል። እግሬን ሳላነሳ በጣቴ ብቻ። ለዓመታት ያ ማዞሪያ ጊታሬ ላይ ነበር፣ ሁሌም 10 ላይ።

ታማኝነታቸውንም ልናገር። በድሮ ፔዳሎች ውስጥ ስለነበረው የጀርማኒየም ትራንዚስተር ብዙ አንብቤ ስለነበር "የእኔንም በጀርማኒየም ይቀይሩልኝ፣ እከፍላለሁ" አልኳቸው። እምቢ አሉኝ። ሳይናደዱ፣ ረጋ ብለው አስረዱኝ። ጀርማኒየም ሙቀት ሲጨምር ጠባዩ ይለወጣል፤ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያስተካከልከው መድረክ ላይ በመብራት ሥር ሌላ ይሆናል። ከዚህም ሌላ የድሮዎቹ ብዙዎቹ ፖዘቲቩን ከመሬት ጋር ነው የሚያገናኙት። ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ አዳፕተር ካገናኘሃቸው ሾርት ያደርጋሉ። "የፈለግኸውን ድምፅ አግኝተሃል፣ ለስሙ ብለህ ገንዘብህን አትጣል" አሉኝ። ገንዘቤን መቀበል ይችሉ ነበር።

ስመለስ ባትሪውን እንዴት እንደምጠብቅም ነገሩኝ። ፔዳሉ የሚበላው ከ1 ሚሊአምፔር በታች ነው፤ ባትሪው ብዙ ይቆያል። ግን የመግቢያው ጃክ ራሱ ማብሪያ ነው። ኬብሉ ተሰክቶ ካደረ፣ ቡስተሩ በመርገጫው ቢጠፋም ባትሪው እየተበላ ያድራል። ስጨርስ ኬብሉን መንቀል ልማድ ሆኖብኛል።

እንግዲህ ወደ እሳቸው መሄድ ለምትፈልጉ የማውቀውን ልንገራችሁ። ፈጣን አይደሉም። የእኔ በመመላለስ 9 ቀን ፈጅቷል፣ ነገ መድረክ ያለበት ሰው ሌላ መፍትሔ ይፈልግ። ዲጂታል ፔዳል አይነኩም፣ እሱን ራሳቸው በግልጽ ይናገራሉ። አናሎግ ከሆነ ግን ቡስተር፣ ኦቨርድራይቭ፣ ፈዝ፣ የቱቦ አምፕም ቢሆን በሙሉ ልብ ስጧቸው። የቀየሩትን አሮጌ ዕቃ በትንሽ ፖስታ አድርገው ይመልሱላችኋል። ምን እንደቀየሩ፣ ለምን እንደቀየሩ በእጃቸው ጽፈው ይሰጣሉ። የእኔን ወረቀት የጊታሬ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ጊታራችሁን፣ ኬብላችሁንና አዳፕተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ፔዳሉን ብቻ በሰው ከላካችሁ፣ ሳይከፍቱት ይመልሱታል።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ የባስ ተጫዋቻችንም አምፑን ይዞ ወደ እርስዎ ሊመጣ ነው፤ አምፑም ይንኮሻኮሻል።