ሜይን ድረስ ነድተን ሜኑ ላይ የሌለውን በላን

ባለፈው ነሐሴ ከቦስተን ተነስተን ወደ ሜይን ክፍለ ግዛት፣ እስከ ማቻያስ ከተማ ነዳን። የዱር ብሉቤሪ (ሰማያዊ ትንንሽ ፍሬ) አገር ነው። ቁጥቋጦው ጉልበት እንኳ አይደርስም፤ ለቃሚዎቹ አጎንብሰው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ባለው መሣሪያ እየጠረጉ ያነሱታል። ቁርስ የበላነው መንገድ ዳር ባለች ዳይነር በሚሏት ጠባብ ምግብ ቤት ነው። ስሟን አልጠራም፤ ሁለት ነገር አናዶኛል፣ ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው።

እማዬ አብራኝ ነበረች። ፍልሰታ ነው፣ በዚያ ላይ ስኳር አለባት። ቅዳሜ ስለሆነ በጠዋት ብትበላም ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ የለም። ሜኑውን ባገላብጠው ባገላብጠው ሁሉም የፍስክ ነው። እኔ እንኳ የዘንድሮን አልያዝኩም፤ ምን እንደምታስብ በዓይኗ ነግራኛለች።

ፓንኬኩ 14 ዶላር። ሦስት ትልልቅ፣ ብሉቤሪው ግን ሊጡ ውስጥ አረንጓዴ ሆኗል። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ቤኪንግ ሶዳ ሲበዛ ነው እንዲህ የሚሆነው፤ ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት ደግሞ ወደ ቀይ ይሄዳል። ቀለሙ አንቶሲያኒን ይባላል፣ ስለ ብሉቤሪና ጤና ከሚወራው ወሬ አብዛኛው የሱ ነው። ይሄን ሁሉ ደግሞ ሲሮፕ ውስጥ አስጥመውት ነው የመጣው። ሌላው ያናደደኝ «የጤና» ብለው የሚሸጡት ስሙዚ (የተፈጨ የፍራፍሬ መጠጥ) ነው፤ ቫኒላ እርጎ፣ ማር፣ የፖም ጁስ፣ ከዚያ ብሉቤሪ ለስሙ ያህል። ሜኑው ላይ ጤና የሚል ቃል ያለበት እሱ ብቻ ነው፣ ከፓዩ (ፍሬ ከተሞላው ጣፋጭ ቂጣ) ይልቅ ስኳር ስኳር የሚለውም እሱ!

አስተናጋጇ እማዬ ባዶ ሳህን ይዛ መቀመጧን አየችና ጠየቀች። ጾሙን ለማስረዳት ስንተባተብ «ቪጋን ናት ማለት ነው» (ከእንስሳት የሚገኝ የማትበላ ማለቷ ነው) ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ በውሃ ብቻ የተሰራ የአጃ ገንፎ ቀረፋ ነስንሳበት፣ ከጎኑ ደግሞ በዚያው ጠዋት የተለቀመ ብሉቤሪ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች። ስኳር የለ፣ ምን የለ። ፍሬዋ ሽምብራ ብታክል ነው።

እማዬ አንዷን አነሳችና «ይሄማ አጋም ነው!» አለች። ቀምሳ ደግሞ «አጋም ይበልጣል፣ ግን ይሄ ከንፈር ላይ አይጣበቅም» ብላ ፈረደች። (ዝምድናው እንኳ ከአጋም ጋር ሳይሆን ሰሜን ተራሮች ላይ ካለው አስታ ከሚባለው ዛፍ ጋር ነው፣ ነገርኳት፣ አላመነችኝም።)

እኔም ከሷ ሳህን ላይ ነው የበላሁት። ሱፐርማርኬት የምናገኘው ትልልቁ የእርሻ ብሉቤሪ ነው፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ተዳቅሎ በ1916 ገበያ የወጣው። እሱን ስትከፍቱት ውስጡ ነጣ ያለ ነው። የዱሩ ትንሽ ስለሆነ ልጣጩ ይበዛል፣ ቀለሙም ያለው ልጣጩ ላይ ነው። አንድ ኩባያ ብሉቤሪ ወደ 84 ካሎሪና 4 ግራም የሚጠጋ አሰር አለው። ስኳርም አለው፣ ወደ 15 ግራም፤ ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው መጠኑን ይያዝ። መድኃኒት ነው የሚሏችሁን አትስሙ።

ፓዩን ሳልናገር ማለፍ ግን ነውር ነው። የዱር ብሉቤሪ ፓይ ከ2011 ጀምሮ የሜይን ይፋዊ ጣፋጭ ነው። እዚህ ቤት ግማሹን ፍሬ አብስለው ግማሹን ጥሬውን ይቀላቅሉበታል፤ ጥርስ ስር ጠብ ጠብ ይላል፣ ስኳሩም ልኩን ያውቃል። ቂጣው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እማዬ ፊቷን ስታዞር በላሁት።

ስንወጣ በር ላይ የበረዶ ብሉቤሪ በካርቶን ይሸጣሉ፣ 5 ፓውንድ (ከ2 ኪሎ ትንሽ በላይ) ገዛን። የዱሩ ምርት አብዛኛው ለገበያ የሚቀርበው እንዲሁ በረዶ ሆኖ ነው፣ ጥቅሙም ብዙ አይቀንስም። እማዬ አሁን ከነበረዶው የጠዋት አጃዋ ላይ ትጨምራለች፣ ከፍልሰታ በኋላ ደግሞ ስኳር ያልገባበት እርጎ ላይ።

ሒሳቡ ሲመጣ የሷ ሳህን አልተጻፈም። ጉርሻውን ከፍ አደረግነው። ከሄዳችሁ ፓዩን እዘዙ፣ ፓንኬኩን ተዉት፣ ሜኑ ላይ ባይኖርም ጥሬውን በሳህን ጠይቁ፤ በማለዳ ግቡ፣ ከረፈደ ወንበር የለም።