ቁመታዊውን አንቴና በሽቦ ከተካሁ ወዲህ

የአማተር ሬዲዮ ጣቢያዬ ቁመታዊ አንቴና ትራፖቹ (አንዱ አንቴና በብዙ ድግግሞሾች እንዲሠራ የሚያደርጉት ክፍሎች) ውስጥ ውሃ እየገባ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ድግግሞሹ ይሸሽ ጀመር። ዓይነቱን መልሶ መትከል መሬት ላይ ብዙ ሽቦ እንደገና መዘርጋት ነው፤ ለዚያ ቦታ የለኝም። ስለዚህ ከአንድ ጫፉ የሚመገብ፣ 20 ሜትር ያህል የሚረዝም የግማሽ ሞገድ ሽቦ መረጥኩ።

በ7 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሞገድ የሆነው ሽቦ በ14 ሙሉ ሞገድ፣ በ21 አንድ ተኩል፣ በ28 ሁለት ሞገድ ይሆናል። በአራቱም ባንዶች (የድግግሞሽ ክልሎች) ጫፉ ላይ ያለው ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ጅረት ያለው ተቃውሞ) በሺህ ኦም የሚቆጠር በመሆኑ 49 ለ 1 የሆነ ትራንስፎርመር ሬዲዮው ወደሚፈልገው 50 ኦም ያወርደዋል። በ10፣ በ18 እና በ24 ሜጋኸርዝ ግን ያለ ማስተካከያ መሣሪያ አይሆንም። ሻጮች «ሁሉም ባንድ» ሲሉ ይህን አይነግሩም፤ ቢነግሩ መልካም ነበር።

ከሁሉም በላይ ልዩነት ያመጣው ሽቦው ሳይሆን ቾኩ፣ ማለትም በገመዱ የውጭ ሽፋን ላይ የሚፈሰውን ጅረት የሚገታው ክፍል ነው። ከጫፍ የሚመገብ ሽቦ የጎደለውን የአንቴናውን ግማሽ የሚያገኘው አንቴናውን ከሬዲዮው ጋር ከሚያገናኘው ኮአክሲያል ገመድ የውጭ ሽፋን ነው። ካልተገታ በሽፋኑ ላይ የሚፈሰው ጅረት እስከ ሬዲዮው ድረስ ይዘልቃል፤ ስናገር የኮምፒውተሬ ድምፅ ማጉያ ያጉረመርም ነበር፤ በሚቀበልበት ጊዜም በቤት ውስጥ ያሉ የቻርጀሮችንና የመሰል ኃይል ሰጪ መሣሪያዎችን ጩኸት ሁሉ ይሰበስባል። ገመዱን ከትራንስፎርመሩ ጥቂት ሜትር ወረድ ብሎ በፌራይት (መግነጢሳዊ ሴራሚክ) ቀለበት ላይ ጠመጠምኩት። ከዚያ በላይ ያለው ቁራጭ የጎደለውን ግማሽ ይተካል፣ የቀረው ጸጥ ይላል። በጩኸት ተውጠው የነበሩ ደካማ ጣቢያዎች ተሰሙ። የኤስደብሊውአር ቁጥር (ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ኃይል የሚያመለክተው) ይህን አያሳይም፤ 50 ኦም ሬዚስተር ብታገናኙም ቁጥሩ ያምራል፣ የሚያሰራጨው ግን ምንም የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። በድምፅ ንግግር 100 ዋት ችግር አልፈጠረም። ኤፍቲ8 የተባለው በኮምፒውተር የሚሠራ የዲጂታል መልእክት ዘዴ ግን ከ15 ሰከንዱ 13 ያህሉን ያለ ፋታ ስለሚያስተላልፍ የትራንስፎርመሩ ሳጥን ይግላል፣ ኤስደብሊውአሩም ቀስ እያለ ይወጣል። ፌራይት ከመጠን በላይ ከጋለ መግነጢሳዊ ጠባዩን ስለሚያጣ በዚህ ዘዴ ኃይሉን ከግማሽ በታች አድርጌ እሠራለሁ።

በአቅጣጫ ጉዳይ ደስታዬ የተከፋፈለ ነው። ሽቦው 10 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተሰቀለ በ7 ሜጋኸርዝ አብዛኛውን ኃይል ወደ ላይ ይልካል፤ ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ግሩም ነው፣ ለሌሊት የሩቅ ግንኙነት ግን አሮጌው ይበልጥ ነበር። በ28 ደግሞ ኃይሉ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይከፋፈልና ከሽቦው ጎን በቀጥታ ያሉ ጣቢያዎች ይደክማሉ። 14 ሜጋኸርዝ ላይ ግን አሮጌውን አልናፈቅኩም።

ለመግዛት የምታስቡ ከሽቦው ጥራት በፊት የፌራይቱን ቀለበት መጠን ጠይቁ። ሽቦ በማንኛውም ጊዜ ይቀየራል፤ ትንሽ ቀለበት የተጫነበት ሳጥን ግን ኃይል ስትጨምሩበት ያስቸግራችኋል።