ጋንቾው ይነቀል ወይስ መኪናው ላይ ይቆይ?

ተሳቢ የሚጎትት ሰው ሁሉ ይሄ ጥያቄ አለበት፣ መኪናው ሲቆም ጋንቾውን፣ ማለትም ተሳቢው የሚያያዝበትን ከመኪናው ኋላ የሚወጣ ብረት፣ መንቀል ነው ወይስ እንዳለ መተው?

ድካሙ፦ መተው ይቀላል፣ ክርክር የለውም። መንቀል ማለት ፒኑን አውጥቶ ግራሶ የነካው ከባድ ብረት መኪና ውስጥ ማስገባት ነው፣ በጨርቅ ካልጠቀለሉት ምንጣፉን ያበላሻል።

ለሰው፦ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ብረቱ ከባምፐሩ አልፎ ልክ በቅልጥም ቁመት ነው የሚወጣው፣ ማታ በሁለት መኪና መሀል ሹልክ ብሎ የሚያልፍ ሰው አያየውም፣ ከኋላ የሚያቆመውም ሰው ርቀቱን የሚገምተው በባምፐሩ ስለሆነ ታርጋውን ያስበሳል። ጋንቾው ከግጭት ያድነኛል የሚሉ አሉ፣ ግን የታሰረው ከሻንሲው ጋር ስለሆነ ምቱ ባምፐሩን ዘሎ በቀጥታ ወደዛ ሊሄድ ይችላል እኮ!

ዝገትና ሌባ፦ ሳይነቀል የከረመ ዝጎ ይጣበቃል፣ የሚቆለፍ ፒን ከሌለው ደግሞ ሊሰረቅ ይችላል።

በየቀኑ የሚጎትትና በራሱ ግቢ የሚያቆም ሰው ቢተወው ይገባኛል፣ ጋንቾው ጫፍ ላይ ባለው ኳስ ደማቅ ሽፋን ያድርግበት። አልፎ አልፎ የሚጎትት፣ መንገድ ዳር ወይም የጋራ ፓርኪንግ ላይ የሚያቆም ከሆነ ግን ይንቀለው በቃ። የማይነቀል ዓይነት ያለው ደግሞ ከተቻለ ጋንቾውን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያቁም፣ የእግረኛ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ብቻ።