የናፖሊዮን ዘመን የአሻንጉሊት ወታደሮች፦ የትኛውን አምራች እንምረጥ?

አንድ የኪንግ ኤንድ ካንትሪ እግረኛና አንድ የድሮ ብሪቴንስ እግረኛ (ሁለቱም የአሻንጉሊት ወታደር አምራቾች ናቸው) በየራሳቸው ያማሩ ናቸው። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አይስማሙም። የመጀመሪያው ቁመቱ ረዘም ይላል፣ ቀለሙ አያብረቀርቅም፣ ቦት ጫማው ላይ ጭቃ ይታያል። ሁለተኛው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ፊቱ ሁለት ጥቁር ነጥብና ቀላ ያለ ጉንጭ ብቻ ነው። ጀማሪ ሰብሳቢ ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። አምራቹን በዝናው መርጦ ይገዛል፣ ከዓመት በኋላም መደርደሪያው ላይ የማይገጥሙ ወታደሮች ይሰበሰባሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ቁመቱን ይወስኑ፣ ቀጥሎ የቀለሙን ዓይነት፣ ከዚያ ውጊያውንና ዓመቱን። አምራቹን መምረጥ የሚቀለው እነዚህ ከተወሰኑ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቁመት

ሻጮች ቁመትን አንዳንዴ በሚሊሜትር፣ አንዳንዴ በክፍልፋይ ይጽፋሉ። 1.73 ሜትር የሚረዝም ሰው በ1/32 ሲሠራ 54 ሚሊሜትር፣ በ1/30 ወደ 58፣ በ1/72 ደግሞ 24 ሚሊሜትር ይሆናል። 28 ሚሊሜትር የሚባሉት ከ1/56 እስከ 1/60 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ችግሩ አንዱ አምራች ከጫማ ሶል እስከ ዓይን፣ ሌላው እስከ ራስ ቅል መለካቱ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለቱም «54» የሚል ሳጥን ይዘው አንዱ ከሌላው በአራት ሚሊሜትር ሊበልጥ ይችላል። ከመክፈልዎ በፊት ወታደሩ ከማስመሪያ ጎን ቆሞ የተነሳ ፎቶ ይጠይቁ። የመቆሚያውን ውፍረት ሳይጨምሩ ከሶሉ እስከ ዓይኑ ይቁጠሩ። የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት በኋላ ረድፍ አይታወቅም። አራት ሲሆን ግን ጠመንጃውና ቆቡም ስለሚያድጉ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። መቀላቀል ግድ ከሆነ ትልልቆቹን ከፊት፣ ትንንሾቹን ከኋላ ያድርጉ፤ ርቀት ይመስላል።

ተቀብተው የሚመጡ፣ የማያብረቀርቁ፦ ኪንግ ኤንድ ካንትሪና ፈርስት ሌጅን

ብዙ ገዢ የሚያመነታው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱም ከብረት የተሠሩና በእጅ የተቀቡ፣ በ1/30 ልክ የሚሸጡ ናቸው። መቀባት ለማይፈልግና ከሳጥን አውጥቶ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል።

መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ያደረገው ኪንግ ኤንድ ካንትሪ ወታደሩን ጠንከርና ወፈር አድርጎ ይቀርጻል። ጭንቅላትና እጅ ከትክክለኛው መጠን ትንሽ ይበልጣሉ። ይህ ከቅርብ ሲታይ እንደ ጉድለት ቢቆጠርም ከአንድ ሜትር ተኩል ሲታይ ይጠቅማል፣ ፊቱ ይነበባልና። ቀለሙ ጥላና ብርሃን ብዙም የለውም። ጠመንጃዎቹ ወፍራም በመሆናቸው ሲጓጓዙ እምብዛም አይሰበሩም። የናፖሊዮን ዘመን ምርቶቹ «ኤንኤ» በሚሉ ሁለት ፊደላትና በቁጥር ይለያሉ። የቆየ ስብስብ ከምርት ሲወጣ ቁጥሩን ይዘው ከሁለተኛ እጅ ሻጮች ይፈልጉታል።

የፈርስት ሌጅን አካል ከእውነተኛ ሰው አካል ጋር ይመጣጠናል። የኮቱ እጥፋት፣ የቁልፎቹ ረድፍ፣ የጀርባ ቦርሳው ማሰሪያ ሁሉ ለብቻው ይታያል። ቀለሙ በደረጃ ስለሚደበዝዝና ስለሚደምቅ ሰማያዊው ኮት አንድ ወጥ ሰማያዊ አይደለም። መቆሚያው ላይ አፈርና ሣር አለ። የሚከፈለው ዋጋ ለዚህ ነው፤ ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። ሳንጃው፣ የጎራዴው ጫፍና የልጓሙ ገመድ ቀጭን ስለሆኑ ከሳጥን ሲወጡ በቀላሉ ይታጠፋሉ። ወታደሩን በደረቱ ወይም በጠመንጃው አያንሱ፤ መቆሚያውን በሁለት ጣት ይያዙ። የታጠፈ ሳንጃን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አድርገው በዝግታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያቅኑት። ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰ ብረቱ ደክሞ ይበጠሳል።

ዛሬ የሚሸጠው የደብልዩ ብሪቴን (የብሪቴንስ የዛሬ ስም) የማያብረቀርቅ ስብስብም ለ1/30 የቀረበ ነው። በአቀራረጹ ከሁለቱ መሃል ስለሚውል ከሁለቱም ጋር ሊቆም ይችላል።

ፍርዳችን ይህ ነው። ከ30 በላይ ወታደር በሰልፍ ለማቆም ካሰቡ ኪንግ ኤንድ ካንትሪ ይሻላል። በአንድ መደርደሪያ ላይ 10 ወይም 12 ወታደር ብቻ አድርገው ከቅርብ ለማየት ከሆነ ፈርስት ሌጅን ይግዙ። ሁለቱን በአንድ ረድፍ አይቀላቅሉ፤ ፈርስት ሌጅኑ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም ሆኖ አንዱ የሌላውን ውበት ያበላሻል።

የሚያብረቀርቁት፦ ሚኞና የድሮ ብሪቴንስ

የፓሪሱ ሲ ቢ ጂ ሚኞ ውስጡ ድፍን የሆነ የእርሳስ ቅይጥ ወታደር ሲሠራ የኖረ ቤት ነው። የስብስቡ ልብም የናፖሊዮን ሠራዊት ነው። በቀይ ሳጥን ውስጥ በክር ታስረው ይሸጡ ነበር። ጭንቅላትና ዕቃ ለየብቻ ተሠርቶ ስለሚበየድ በአንድ አካል ላይ የተለያዩ ክፍለ ጦሮች ይገኛሉ፤ ኮሌታና ላባ ብቻ ይለወጣል። ከሚኞ በፊት የነበረው የሉኮት ምርት ከዚህም ይፈለጋል። መቆሚያው ላይ በኤልና በሲ ፊደላት መካከል ንብ ካዩ ሉኮት ነው።

ዊልያም ብሪቴን እ.ኤ.አ. በ1893 ለንደን ውስጥ ሌላ ዘዴ ጀመረ። የቀለጠው እርሳስ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ዳር ዳሩ ሲደርቅ መሃሉ ያለው ተመልሶ ይፈሳል፤ ወታደሩ ባዶ ሆኖ ይወጣል። እርሳስ ስለሚቆጥብና ስለሚቀል ዋጋው ወረደ፣ የ54 ሚሊሜትር ልክም በዚህ ቤት ተስፋፋ። ባዶ የእርሳስ ወታደር ማምረቱ በ1966 አበቃ። የድሮ ብሪቴንስ ካታሎግ በአብዛኛው የራሱን ዘመን ሠራዊቶች የያዘ ስለሆነ የናፖሊዮን ዘመን ድርሻው ጥቂት ነው። (በ1930ዎቹ የጣሊያን ወረራ ሰሞን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ክቡር ዘበኛንም ሠርቶ ሸጧል፤ ለኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ይህ ሳጥን ለብቻው ሊፈለግ የሚገባው ነው።) እንግዲህ የሚያብረቀርቅ የናፖሊዮን ሠራዊት የሚሹ ከሆነ ወደ ሚኞ ይሂዱ።

የድሮውን ሲገዙ ሦስት ነገር ይመርምሩ። አንደኛ፣ እንደገና ተቀብቶ እንደሆነ፦ ቀለሙ የተላጠውን ቦታ ጠርዝ ሸፍኖ ካለፈ እንደገና የተቀባ ነው፣ ዋጋውም በእጅጉ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ አንገቱ፦ በክብሪት እንጨት የተጠገነ ጭንቅላት ከብሪቴንስ የተለመደ ስለሆነ ጭንቅላቱን በቀስታ ነካ አድርገው ይነቃነቅ እንደሆነ ይዩ። ሦስተኛው የእርሳስ በሽታ ነው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ራስ የሚቀባቸው

የፔሪ ሚኒየቸርስና የቪክትሪክስ 28 ሚሊሜትር ወታደሮች ከጠንካራ ፕላስቲክ ተሠርተው ቁርጥራጩ ከፍሬሙ (ክፍሎቹን አያይዞ ከያዘው የፕላስቲክ ክፈፍ) ጋር ይመጣል። አንድ የተቀባ የ1/30 እግረኛ የሚያወጣው ዋጋ አንድ ሙሉ የፕላስቲክ ሳጥን ይገዛል። ሳጥኑ 40 ያህል ወይም ከዚያ በላይ ወታደር ይይዛል፣ ይህም የዘፈቀደ ቁጥር አይደለም። በ1808ቱ ድንጋጌ አንድ የፈረንሳይ ሻለቃ ስድስት ሻምበል አለው፣ እያንዳንዱም 140 ሰው፣ በጠቅላላ 840 ይሆናል። አንድ አሻንጉሊት 20 ሰው ከወከለ 42 ወታደር ሙሉ ሻለቃ ነው። ፈረንሳዮች በሦስት ረድፍ ይቆሙ ስለነበር 14 በ3 ይሆናል፤ በ20 ሚሊሜትር መቆሚያ ፊቱ 28 ሴንቲሜትር ነው። እንግሊዞች በሁለት ረድፍ ስለሚቆሙ ያው ቁጥር 42 ሴንቲሜትር ይፈልጋል። ይህን ቀድመው ካላሰሉ መደርደሪያው ጠብቦ ሰልፉ ይቆረጣል።

ፔሪ መጠኑና አቋሙ የተረጋጋ፣ ለመገጣጠም የቀለለ ነው። ቪክትሪክስ በእጅና በራስ አማራጭ ይበልጣል፤ ነገር ግን ቁርጥራጩ ስለሚበዛ ጊዜ ይወስዳል፣ ጀማሪው እጅና ጠመንጃ ሲያጋጥም ይቸገራል። ለመጀመሪያ ሳጥን ፔሪን እንመርጣለን።

አሠራሩ፦ ፍሬሙን በሳሙና ውሃ አጥበው ያድርቁ። ክፍሉን በመቁረጫ ከፍሬሙ ራቅ አድርገው ይቁረጡ፣ ቀሪውን በምላጭ ይከርክሙ። የቅርጹ መጋጠሚያ መስመር በምላጩ ጀርባ ይፋቃል። ለጠንካራ ፕላስቲክ ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚያያይዝ ሙጫ እንጂ ሱፐር ግሉ አያስፈልግም። የመጀመሪያውን የመርጫ ቀለም ከ20 ሴንቲሜትር ርቀት፣ በስሱ ሁለት ጊዜ ይርጩ። ሰማያዊ ኮት ሲቀቡ እውነተኛውን ጥቁር ሰማያዊ አይጠቀሙ፤ በዚህ ቁመት ጥቁር ይመስላል፣ አንድ ደረጃ የፈካ ይምረጡ። ነጩን የደረት ቀበቶ መጀመሪያ በፈዛዛ ግራጫ፣ ከዚያ መሃሉን ብቻ በነጭ። የመጨረሻውን የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ እርጥብ በሆነ ቀን አይርጩ፤ ነጭ ጉም ሆኖ ይደርቅና ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

በ1/72 ያሉት፣ ኤርፊክስ፣ ኢታሌሪና ሃት፣ ከሁሉ ርካሽ ናቸው፤ ሙሉ ሜዳ በትንሽ ጠረጴዛ ይሠራባቸዋል። አብዛኞቹ ከለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆኑ ቀለሙ ሳንጃው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከተቀቡ በኋላ እንዳይነካኩ መደረግ አለባቸው። የድሮ ኤርፊክስ ሳጥን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ወታደር ጠመንጃውን በጥቂቱ ያጥፉ፤ ፕላስቲኩ አርጅቶ ከተሰበረ ሳጥኑ በሙሉ እንዲሁ ነው።

ሂስቶሬክስ የተለየ መንገድ ነው። በ54 ሚሊሜትር ከፕላስቲክ ክፍሎች የሚገጣጠም የፈረንሳይ ምርት ነው። የፈረሶቹን ግራና ቀኝ ግማሽ እያቀላቀሉ አዲስ አቋም መፍጠር ይቻላል፤ ልጓምና ቀበቶ ሁሉ ለብቻው ይጣበቃል። አንድ ፈረሰኛ መሥራት ሳምንታት ይወስዳል። ለሰልፍ አይሆንም፤ አንድ ማርሻል ወይም አንድ መኮንን ብቻውን ለማቆም ግን አቻ የለውም።

ዓመቱ ከልብሱ ጋር ይስማማል?

የአውስተርሊዝ ውጊያ በታኅሣሥ 1805፣ የዋተርሎው በሰኔ 1815 ነው። በመሃሉ ልብሱ ብዙ ተለውጧል። በአውስተርሊዝ አብዛኛው የፈረንሳይ መደበኛ እግረኛ ባለ ሁለት ጫፍ ሰፊ ቆብ ያደርግ ነበር፤ ሻኮ የሚባለው ረጅም ቆብ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ከ1812ቱ ደንብ በፊት ኮቱ ደረቱ ላይ ተከፍቶ ነጩ ሰደርያ ይታያል፣ ጅራቱም ረጅም ነው። ከደንቡ በኋላ እስከ ወገብ ይዘጋል፣ ጅራቱ ያጥራል። እንግሊዞች በዋተርሎ ፊቱ ከፍ ያለ አዲስ ሻኮ አድርገዋል፤ አረንጓዴ ለባሹ 95ኛና 28ኛው ክፍለ ጦር ግን የድሮውን አልተውም።

ደጋግሞ የሚያጋጥም ስህተት አለ፦ በዋተርሎ ስም የድብ ቆዳ ቆብ ያደረጉ የእንግሊዝ ዘብ እግረኞች ይሸጣሉ። እንግሊዞቹ ይህን ቆብ ያገኙት የናፖሊዮንን ክቡር ዘበኛ ድል ካደረጉ በኋላ ነው። በዕለቱ ከእግረኞቹ ይህን ቆብ ያደረጉት ፈረንሳዮቹ ናቸው። የሰልፍና የዘመቻ ልብስንም ይለዩ። የሚኞ ወታደር ላባውንና ነጭ ሱሪውን ለብሶ ለሰልፍ የተዘጋጀ ነው፤ የፈርስት ሌጅኑ ብዙ ጊዜ በዘመቻ ላይ ነው።

ማስቀመጫው

ቤት ያለው ቡፌ ለእርሳስ ወታደር አደገኛ ሊሆን ይችላል። ኦክ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ቺፑድና ኤምዲኤፍ አሲድ ያለው ትነት ያወጣሉ። ትነቱ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ተጠራቅሞ እርሳሱን ወደ ነጭ-ግራጫ ዱቄት ይለውጠዋል (የእርሳስ በሽታ ያልነው ይህ ነው)፣ መጀመሪያ የሚያጠቃውም የመቆሚያውን ሆድና ቀለም የተላጠበትን ቦታ ነው። ለሚኞና ለድሮ ብሪቴንስ የብረትና የመስታወት ቁምሳጥን ብቻ ይግዙ። እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይሁን። ዱቄት ካዩ የታመመውን ለይተው ያውጡ፤ ዱቄቱ መርዛማ ስለሆነ ጓንትና ጭንብል አድርገው ይያዙ፣ በአፍ አያራግፉ፣ ልጆችንም ያርቁ። የተጎዳ ወታደር አጠገብ የቆመ ጤነኛም በዚያው ትነት ሊጎዳ ስለሚችል ቁምሳጥኑን ይመርምሩ እንጂ ወታደሩን ብቻ አይውቀሱ።

የመደርደሪያው ልክ ቀላል ነው። ለ1/30 እግረኛ በአንድ ሰው 4 ሴንቲሜትር ስፋት ይቁጠሩ፤ 40 ሴንቲሜትር መደርደሪያ 10 ይይዛል። ፈረሱ ከአፍንጫ እስከ ጅራት 8 ያህል ስለሚሆን ጎኑን ካሳዩ 4 ፈረሰኛ ይበቃዋል። በመደርደሪያዎች መሃል 20 ሴንቲሜትር ይተዉ፤ ባንዲራ ያዥና ጎራዴ ያነሳ ፈረሰኛ ከታሰበው በላይ ይረዝማሉ። ከኋላ ያሉት እንዲታዩ በ4 ሴንቲሜትር የሚነሱ የአክሪሊክ ደረጃዎች ያስቀምጡ።

መብራቱ ኤልኢዲ ይሁን፤ ትራንስፎርመሩን ከቁምሳጥኑ ውጪ ያድርጉ፣ ሙቀት ሙጫና ቀለም ያላቅቃልና። ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አያቁሙ፤ የፀሐይ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዛል። በሱፐር ግሉ የተጠገነ ወታደር ወደ መስታወቱ ውስጥ ከመመለሱ በፊት አንድ ቀን ውጪ ይቆይ፤ የሙጫው ትነት በተዘጋ ቦታ መስታወቱንም ቀለሙንም ነጭ ያደርጋል። የመጣበትን ሳጥን አይጣሉ፤ በኋላ ሲሸጡ ዋጋውን ይይዛል። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ግን ከዓመታት በኋላ ተጣብቆ ቀለም ስለሚነቅል አውጥተው በአሲድ አልባ ስስ ወረቀት ይተኩት።